የልጆች ብስክሌት፦ ዋጋው ይረክሳል፣ ፍሬኑስ ይይዛል?

የትምህርት ቤት በር ሲዘጋ የብስክሌት ገበያ ይከፈታል። ሰኔ ተገባዶ ተማሪው ካርዱን ይዞ ቤቱ ሲገባ፣ «ካለፍክ እገዛልሃለሁ» ተብሎ የተገባለት ቃል የሚፈጸምበት ጊዜ ይደርሳል። በመርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ባሉ የስፖርት ዕቃና የመጫወቻ መደብሮች ደጃፍ፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ ትንንሽ ብስክሌቶች ተደርድረው ይታያሉ። አባት ዋጋ ይጠይቃል፣ ልጅ ቀለም ይመርጣል፣ ደላላው «የመጨረሻው ነው» ይላል፤ ሽያጩም በዚያው ያልቃል።

በዚህ መካከል ሳይጠየቁ የሚታለፉ ሁለት ጥያቄዎች አሉ። አንደኛው «ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ ይይዛል ወይ?» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ሲበላሽ መለዋወጫው ይገኛል ወይ?» የሚል ነው። የመጀመሪያው የልጁን ሕይወት ይመለከታል። ሁለተኛው የወላጁን ኪስና የነጋዴውን ስም ይመለከታል። የሁለቱም መልስ የሚወሰነው ግን በሱቁ ደጃፍ አይደለም። አስመጪው ከፋብሪካው ጋር ዋጋ ሲደራደርና ዕቃው ከካርቶን ወጥቶ ሲገጣጠም አስቀድሞ ተወስኖ ያልቃል። በመሆኑም የርካሽ ብስክሌት ጉዳይ ከገዢው ይልቅ የነጋዴው ጉዳይ ነው።

ዋጋው የሚቀነሰው ከየት ላይ ነው?

ብስክሌት ሲያዩት ቀላል ዕቃ ይመስላል እንጂ ከብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የሚገጣጠም ማሽን ነው። አስመጪው «ከዚህ ዋጋ በታች አድርግልኝ» ሲል ፋብሪካው እምቢ አይልም። ጥያቄው የሚቀንሰው ከየትኛው ክፍል ላይ ነው የሚል ነው። ቀለሙን፣ ተለጣፊ ጌጡንና የቱቦውን ቅርጽ ብዙም አይነካውም፤ ገዢው የሚያየው እነሱን ነውና። የሚቀንሰው ከማይታየው ላይ ነው።

የፍሬን እጀታው ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ወደ ፕላስቲክ ይለወጣል። እጀታው ሲጨበጥ ራሱ ስለሚተጣጠፍ የልጁ ኃይል ወደ ቸርኬው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ክፍል ከስስ ቆርቆሮ ይሠራል፣ ግራሶውም በቁጠባ ይቀባል። ይህ ሲሆን ጎማው በጥቂት ወራት ውስጥ ወዲያና ወዲህ መላጋት ይጀምራል። ቸርኬውን ከመሀሉ ጋር የሚያያይዙት ስፖኮች እኩል ሳይወጠሩ ይወጣሉ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዱ ሲላላ ሌላው ይበጠሳል፣ ጎማውም ይጠመዛል። ብሎኑና ዳዶው ለስላሳ ብረት ስለሆኑ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲፈቱ ጥርሳቸው ይበላል። የመሪው ጫፍ መያዣ ላስቲክም ከስስ ፕላስቲክ ስለሚሠራ በቀላሉ ይቀደዳል።

የመጨረሻው ነገር እንደ ቀልድ ሊታይ አይገባውም። ላስቲኩ የተቀደደ መሪ ጫፉ ክብ የብረት ቱቦ ነው። ልጅ ሲወድቅ መሪው ዞሮ ጫፉ ሆዱን ሊወጋው ይችላል። በጉበት፣ በጣፊያና በቆሽት ላይ በዚህ መንገድ የሚደርስ ጉዳት በሕፃናት ሐኪሞች ዘንድ በሚገባ የሚታወቅ ነው። ከላይ ሲታይ ቆዳው ላይ ክብ ሰንበር ብቻ ስለሚተው ወላጅ ቀላል ጉዳት ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ይህን ያህል ጉዳት የምትከለክለው ላስቲክ ግን ከብስክሌቱ ዕቃዎች ሁሉ ርካሿ ናት።

የዋጋ ግፊቱ ከየት እንደመጣ ነጋዴው አያጣውም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ ተመን 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዶላር ዋጋው ያልተለወጠ ብስክሌት እንኳ በባንክ ተመን ሲሰላ በብር ወጪው ተሰቅሏል ማለት ነው። የወላጁ ደመወዝ ግን በዚያው ልክ አላደገም። በዚህ ጊዜ አስመጪው ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ያንኑ ዕቃ አስወድዶ መሸጥ፣ ወይ በዶላር የረከሰ ዕቃ ፈልጎ ዋጋውን መያዝ። ሁለተኛው ምርጫ ለጊዜው ገበያ ያቆያል፤ የሚቆረጠው ግን ከላይ ከተዘረዘሩት ክፍሎች ላይ ነው።

ክረምትና የብረት ቸርኬ

የልጆች ብስክሌት በብዛት የሚነዳው በሐምሌና በነሐሴ ነው። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ የዝናብ ወራት ናቸው። የርካሹ ብስክሌት ደካማ ጎን የሚገለጠውም በእነዚሁ ወራት ነው።

ምክንያቱ ቸርኬው የተሠራበት ብረት ነው። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ክሮም የተቀባ ብረት ነው። ያብለጨልጫል፣ ገዢም ይስባል። ፍሬኑ የሚይዘው ደግሞ ሁለት የላስቲክ ቁራጮች ቸርኬውን ግራና ቀኝ ሲጫኑት ነው። ደረቅ ሲሆን የሚበቃ ያህል ይይዛል። ሲረጥብ ግን በለሰለሰው ክሮምና በላስቲኩ መካከል ውኃው እንደ ዘይት ሆኖ ያንሸራትታል፤ ብስክሌቱ ለመቆም የሚፈልገው ርቀትም ከእጥፍ በላይ ሊረዝም ይችላል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በእርጥበት ጊዜ ከዚህ በጣም የተሻለ ይይዛል።

ለማነጻጸሪያ ያህል በአሜሪካ ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሚሠራበት የፌዴራል ደንብ፣ የእጅ ፍሬን ያለው መደበኛ ብስክሌት በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር እየሄደ በ4.57 ሜትር ውስጥ መቆም እንዳለበት ይደነግጋል። ይህም የሚለካው በደረቅ መንገድ ነው። 4.57 ሜትር ከአንድ የቤት አውቶሞቢል ርዝመት ብዙም አይበልጥም። ይህን ርቀት በእጥፍ ማስረዘም ማለት ልጁ ከግቢ ሲወጣ ከአጥሩ ጥግ ላይ በመቆምና አስፋልት መሀል በመቆም መካከል ያለው ልዩነት ነው።

የአዲስ አበባ አቀማመጥ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚህ መካከል ያለው ከተማ ሁሉ ቁልቁለት ነው። በባሕር ዳር ወይም በሐዋሳ ሜዳ ላይ የሚያገለግል ፍሬን በጉለሌ ወይም በሽሮ ሜዳ ቁልቁለት ላይ ላያገለግል ይችላል።

ለትንንሽ ልጆች የሚበጅ ሌላ ዓይነት ፍሬን አለ። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ የኋላውን ጎማ የሚያቆም፣ ከጎማው መሀል ውስጥ የተቀበረ ፍሬን ነው። በውስጥ ያለ በመሆኑ ውኃ አይነካውም፣ የልጁም እግር ከጣቱ ይበልጥ ኃይል አለው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ሰንሰለቱ ከወለቀ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከፊት አንድ የእጅ ፍሬን ሊጨመርበት ይገባል። በኋላ ጎማ መሀል ላይ የሚገጠመው የባንድ ፍሬንም እንዲሁ በቸርኬው እርጥበት አይበገርም። እነዚህን መርጦ ማዘዝ ለአስመጪው የዋጋ ልዩነት ይኖረዋል። ነገር ግን ልዩነቱ በሱቅ ውስጥ ለደንበኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሊነገር የሚችል ነው፤ «ይኼኛው በዝናብም ይይዛል» ማለት ይበቃል።

የገጣጣሚው እጅ

ብስክሌት ከፋብሪካ ተገጣጥሞ አይመጣም። በኮንቴይነር ውስጥ ብዙ ለማስገባት ሲባል በካርቶን ሆኖ በከፊል ተገጣጥሞ ይጫናል። በዘርፉ «85 ከመቶ የተገጣጠመ» የሚባለው የተለመደው ዓይነት ነው። ከዚያ በታች የተፈታታም አለ፤ እሱ በኮንቴይነር ብዙ ይይዛል፣ ማጓጓዣውም ይረክሳል። ቀሪው ሥራ የሚሠራው እዚሁ፣ በመጋዘን ወይም በሱቁ ደጃፍ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር በሚከፈለው ወጣት እጅ ነው። በቁጥር የሚከፈለው ሰው ደግሞ የሚያተርፈው በፍጥነቱ ነው። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚባለው እዚህ ላይ ይደርሳል፤ ልዩነቱ የሚያፈስሰው አንዱ ሆኖ የሚለቅመው ሌላው መሆኑ ነው።

በየአገሩ በርካሽ ብስክሌት ላይ የሚታዩት የመገጣጠም ስህተቶች ተመሳሳይ ናቸው። የመጀመሪያው የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ወደ ኋላ ዞሮ መገጠሙ ነው። ሹካው ከታች ወደ ፊት ማዘንበል ሲገባው ወደ ልጁ እግር ይጠጋል። ብስክሌቱ ይሄዳል፣ ግን መሪው ይቅበዘበዛል፣ የልጁም እግር ሲዞር ጎማውን ይነካል። ሁለተኛው የመሪው ግንድ ነው። በግንዱና በመቀመጫው ዘንግ ላይ «ከዚህ በላይ አይውጣ» የሚል መስመር ተቀርጾበታል። ገጣጣሚው ለልጁ ቁመት ሲል መስመሩን ካሳለፈው ዘንጉ በአጭሩ ስለሚያዝ አንድ ቀን ሊነቀል ወይም ሊሰበር ይችላል። ሦስተኛው ፔዳል ነው። የግራው ፔዳል ጥርስ ወደ ግራ የሚጠብቅ ነው፤ ይህን ያላወቀ ወይም የቸኮለ ሰው በጉልበት ሲያስገባው ጥርሱን ይበላዋል። ያ ፔዳል በሳምንቱ ይወድቃል፣ ዋናውን ክንድ ካልለወጡለት በቀር ተመልሶ አይጠብቅም። አራተኛው የፍሬን ላስቲኩ ቸርኬውን ሳይሆን ጎማውን እንዲነካ ሆኖ መገጠሙ ነው። ይህ ፍሬን በያዘ ቁጥር ጎማውን እየፋቀ ይቀደዋል፣ አንድ ቀንም ያፈነዳዋል።

ከእነዚህ መካከል የፋብሪካ ጥፋት የሆነ የለም። ሁሉም በአንድ መፍቻና በሃያ ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ የሚታረሙ ናቸው። በጣም ርካሹ ብስክሌት በጥሩ እጅ ሲገጣጠም ከመካከለኛው በችኮላ ከተገጣጠመው ይሻላል። ይህን የተረዳ ነጋዴ ለገጣጣሚው በቁጥር ሳይሆን በቀን ይከፍላል፣ ወይም በቁጥር ከፍሎ ተመልሶ የመጣውን በራሱ ጊዜ እንዲያስተካክል ያደርጋል።

ማርሽ፣ ሱስታና «ያድግበታል»

በገበያው ላይ ሁለት ብስክሌቶች በአንድ ዋጋ ቆመው ይታያሉ እንበል። አንዱ ያለ ማርሽና ያለ ሱስታ ነው። ሌላው ባለ 18 ማርሽ ነው፣ ከፊትና ከመሀል ሱስታ አለው፣ ዲስክ ፍሬን የሚመስል ነገርም ተገጥሞለታል። ልጁ የሚመርጠው የትኛውን እንደሆነ ግልጽ ነው። ነጋዴው ሊያስብበት የሚገባው ግን አንድ ቀላል ሂሳብ ነው፤ ሁለቱ በአንድ ዋጋ ከወጡ የማርሹና የሱስታው ወጪ የተገኘው ከብየዳው፣ ከኩሽኔታውና ከፍሬኑ ላይ ተቀንሶ ነው። «ቆጥ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ማለት ይኸው ነው።

ርካሽ ሱስታ ጉድጓድ ሲያገኝ ከማለዘብ ይልቅ ይንገጫገጫል፣ ክብደትም ይጨምራል። ርካሽ ማርሽ በትንሽ ግጭት ይጠመዛል፣ ሰንሰለቱን ወደ ስፖኩ ይጥላል፣ የኋላ ጎማውንም በድንገት ይቆልፋል። የሰፈሩ ጎሚስታ ደግሞ ጎማ ይለጥፋል፣ ሰንሰለት ያሳጥራል፣ ስፖክ ያጠብቃል እንጂ የማርሽ መለዋወጫ የለውም። ብስክሌት በሰዓት የሚያከራዩ ወጣቶች ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቁታል። ብስክሌታቸው ከጠዋት እስከ ማታ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ለአንድ ቤተሰብ ዓመት የሚፈጀው ድካም ለእነሱ በወር ያልፋል። ለእንዲህ ያለ ሥራ የሚያዋጣው ማርሽ የሌለው፣ ጎማው ወፍራም፣ ዳዶው በተራ መፍቻ የሚፈታ ብስክሌት ነው። ለአስመጪው ከዚህ የተሻለ የጥናት ቢሮ የለም።

ሌላው የወላጅ ስህተት «ያድግበታል» ብሎ ትልቅ መግዛት ነው። ለጫማ ይሠራ ይሆናል፤ ለብስክሌት ግን አይሠራም። ልጁ ከመቀመጫው ላይ ሆኖ በእግሩ ጣት መሬት ካልነካ፣ ፍሬን ሲያቅተው ራሱን የሚያቆምበት ሌላ መንገድ የለውም። በግምት ባለ 12 ኢንች ጎማ ለ3 እና ለ4 ዓመት፣ ባለ 16 ለ5 እና ለ6 ዓመት፣ ባለ 20 ከ7 እስከ 9 ዓመት፣ ባለ 24 ደግሞ ከዚያ በላይ ላሉ ልጆች ነው። ወሳኙ ግን ዕድሜው ሳይሆን የእግሩ ርዝመት ነው። ክብደቱም ይታሰብ። ባለ 16 ኢንች የብረት ብስክሌት 10 ኪሎ ቢመዝንና ልጁ 20 ኪሎ ቢሆን፣ ልጁ የሚገፋው የራሱን ክብደት ግማሽ ነው። 70 ኪሎ የሚመዝን አባት በዚህ ሂሳብ 35 ኪሎ ብስክሌት ይሰጠው እንደማለት ነው።

ሂሳቡ ሲሰላ

የሚከተለው ቁጥር የገበያ ዋጋ ሳይሆን ለስሌት ያህል የቀረበ ምሳሌ ነው። አንድ ወላጅ በ8,000 ብር ርካሹን ገዛ እንበል። በ10 ወር ውስጥ ለጥገና 2,500 ብር አወጣ፣ በመጨረሻም ለምን አለሽ ተራ በ500 ብር ሸጠው። የተጣራ ወጪው 10,000 ብር ነው፤ በወር 1,000 ብር። ሌላው በ14,000 ብር ሻል ያለውን ገዛ። ለሁለት ልጆች በ4 ዓመት ውስጥ 4,000 ብር ለጥገና አውጥቶ በ4,000 ብር ለጎረቤት ሸጠው። የተጣራ ወጪው 14,000 ብር ሆኖ በ48 ወር ሲካፈል በወር 292 ብር ገደማ ይሆናል። «ርካሹ» በወር ከሦስት እጥፍ በላይ ወጥቶበታል ማለት ነው።

የነጋዴውም ሂሳብ ከዚህ አይርቅም። 100 ብስክሌት በ7,000 ብር አምጥቶ በ8,000 ብር የሸጠ ሰው የሚያተርፈው 100,000 ብር ነው። ከመቶው 10 ተመልሰው በአዲስ ቢተካቸው 70,000 ብር ይሄድበታል፤ የሚቀረው 30,000 ብር ብቻ ነው። በእያንዳንዱ ላይ 400 ብር ጨምሮ የተሻለ ፍሬንና ኩሽኔታ ቢያዝ፣ የመሸጫ ዋጋውን ሳይነካ እንኳ ወጪው በ40,000 ብር ያድጋል፤ ዕቃው ካልተመለሰበት 60,000 ብር ይቀርለታል። በእርግጥ ብዙው ነጋዴ ተመላሽ አልቀበልም ስለሚል ይህ ወጪ በመጽሐፉ ላይ አይታይም። የሚታየው በሚቀጥለው ሰኔ ደንበኛው ከእሱ ሱቅ አልፎ ሲሄድ ነው።

በዓለም ገበያ የታየው

የዋጋ ሽሚያው የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። የአውሮፓ ማኅበረሰብ የቻይና ብስክሌት ከሚገባው በታች እየተሸጠ ፋብሪካዎቼን ጎዳብኝ በማለት እ.ኤ.አ. በ1993 የ30.6 ከመቶ ተጨማሪ ቀረጥ ጥሎ ነበር፤ ኅብረቱ በ2005 ወደ 48.5 ከመቶ አሳድጎታል። በአሜሪካ ደግሞ በርካሽ ብስክሌት ስሙ የታወቀው ሃፊ ኩባንያ በኦሃዮ ሴላይና ከተማ የነበረውን ትልቅ ፋብሪካ በ1998 ዘግቷል።

ርካሹ ዕቃ አሸነፈ ማለት ግን ጥያቄው አበቃ ማለት አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2022 በአሜሪካ የሚገኙ የብስክሌት ጠጋኞች ተሰባስበው አምራቾችና ትልልቅ መደብሮች «እንዲበላሽ ሆኖ የተሠራ» ብስክሌት መሸጥ እንዲያቆሙ ፊርማ አሰባስበዋል። የጠየቁት ቅንጦት አልነበረም፤ ብስክሌቱ ሳይሰበር ቢያንስ 500 ሰዓት እንዲነዳ ነው። በቀን 2 ሰዓት ለሚነዳ ልጅ 500 ሰዓት 250 ቀን ነው፤ አንድ ዓመት እንኳ አይሞላም። በጠጋኞቹ ቋንቋ ከዚያ በታች ያለው ብስክሌት ሳይሆን «ብስክሌት የሚመስል ዕቃ» ነው።

ውድ መሆን ብቻውንም ዋስትና አይሰጥም። ትሬክ የተባለው የታወቀ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ብቻ ወደ 900,000 የሚጠጉ ብስክሌቶችን ለማስተካከል ጠርቷል። ምክንያቱ የፊት ጎማውን የሚያጠብቀው ትንሽ ዘንግ በትክክል ሳይዘጋ ሲቀር ዞሮ ዲስክ ፍሬኑ ውስጥ በመግባት ጎማውን ሊቆልፍ መቻሉ ነበር። ለነጋዴው ትልቁ ትምህርት ኩባንያው የትኛው ሞዴል ለየትኛው ሻጭ እንደደረሰ ማወቁ ነው። በብስክሌቱ አካል ላይ የተመታውን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር የሚመዘግብ ሱቅ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ደንበኛውን ፈልጎ ያገኛል። የማይመዘግበው ግን ክስ እስኪደርሰው ይጠብቃል።

በአፍሪካ ደግሞ ሌላ ዓይነት ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመሠረተው ወርልድ ባይስክል ሪሊፍ የተባለ ድርጅት «ባፋሎ» የሚል ስም ያለው ብስክሌት ለዛምቢያ፣ ለኬንያ፣ ለማላዊና ለመሰል አገሮች ገጠር ብሎ አስቀርጿል። ማርሽና ሱስታን ትቶ ወፍራም ስፖክ፣ ጠንካራ የኋላ መጫኛና በፔዳል የሚይዝ ፍሬን መርጧል። ከብስክሌቱ ጋርም ጠጋኝ ማሠልጠንንና መለዋወጫ መሸጥን እንደ አንድ ሥራ ይዟል። ሥራው ቢጀመር በእርዳታም ቢሆን ከመለዋወጫ ውጭ ብስክሌት የሚባል ነገር እንደሌለ ለባለሀብቱ የሚያሳይ ነው።

ደረጃውና ሕጉ

ለልጆች ብስክሌት ዓለም አቀፍ ደረጃ ወጥቶለታል። የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ቁጥር 8098 የመቀመጫ ከፍታው ከ435 ሚሊ ሜትር በላይና ከ635 ሚሊ ሜትር በታች ለሆነ የትንንሽ ልጆች ብስክሌት ነው። ከ635 ሚሊ ሜትር ጀምሮ ያለው፣ ለታዳጊዎች የሚሆነውን ጨምሮ፣ በቁጥር 4210 ይመራል። በእነዚህ ደረጃዎች መሠረት ፍሬን፣ ሹካ፣ መሪ፣ ፔዳልና የብስክሌቱ አካል በቤተ ሙከራ እየተመቱና እየተጎተቱ ይፈተናሉ።

አስመጪው ከፋብሪካ የዋጋ ማቅረቢያ ሲጠይቅ እነዚህን ቁጥሮች መጻፍ ምንም አያስከፍለውም። ሊጠይቀው የሚገባው ግን በብስክሌቱ ላይ የተለጠፈ ምልክት ሳይሆን ለዚያው ሞዴል የተሰጠ የፍተሻ ሪፖርት ነው። ተለጣፊ በየትም ይታተማል። ሪፖርት ግን የሞዴል ቁጥር፣ ቀንና የቤተ ሙከራ ስም ስላለው ሊጣራ ይችላል።

በአገር ውስጥ በኩል በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል። ከዕቃው የተነሳ ጉዳት ሲደርስበትም ካሳ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ጥያቄውም በችርቻሮ ሻጩ ላይ ብቻ ሳይሆን በአቅርቦቱ በተሳተፉት አስመጪና ጅምላ ሻጭ ላይ ጭምር በአንድነትም ሆነ በተናጠል ሊቀርብ እንደሚችል አመልክቷል። «እኔ የሸጥኩት ከነካርቶኑ ነው» የሚለው የጅምላ ሻጭ መከራከሪያ ልጅ ከተጎዳ በኋላ ብዙ ርቀት የሚያስኬድ አይደለም።

የአምስት ደቂቃ ፍተሻ

ከደረጃና ከሕግ በፊት ግን ማንኛውም ቸርቻሪ በሱቁ ደጃፍ ሊያደርገው የሚችል ፍተሻ አለ። መሣሪያው አንድ መፍቻና አንድ ሃይላንድ ውኃ ነው።

አንደኛ፣ የፍሬን እጀታውን ጨብጦ ብስክሌቱን ወደ ፊት መግፋት፤ እጀታው ከመሪው ላስቲክ ጋር ከተጋጠመ ፍሬኑ አልተወጠረም። ሁለተኛ፣ ቸርኬውን በውኃ አርጥቦ ያንኑ መድገም፤ ሲረጥብ የሚንሸራተተው እዚያው ይታወቃል። ሦስተኛ፣ ጎማውን አንስቶ ማሽከርከር፤ ከፍሬኑ ላስቲክ መካከል ወዲያና ወዲህ ከተወዛወዘ ስፖኩ መስተካከል አለበት። አራተኛ፣ የፊት ፍሬኑን ይዞ ብስክሌቱን ማወዛወዝ፤ ከመሪው ሥር «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ከተሰማ አልጠበቀም። አምስተኛ፣ የፊት ጎማውን በጉልበት መካከል አጥብቆ ይዞ መሪውን ማጠምዘዝ፤ መሪው ለብቻው መዞር የለበትም። ስድስተኛ፣ የሹካውን አቅጣጫ፣ በዘንጎቹ ላይ ያለውን የገደብ መስመርና የመሪውን ጫፍ ላስቲክ በዓይን ማየት። በመጨረሻም ልጁን አስቀምጦ እግሩ መሬት መንካቱንና ጣቱ ፍሬኑ ላይ መድረሱን ማረጋገጥ።

ይህን በገዢው ፊት የሚያደርግ ሻጭ የሚያጠፋው ጊዜ ትንሽ ነው። በአንጻሩ «ዋጋ ቀንስ» የሚለውን ክርክር ወደ «የቱ ይሻላል?» ይለውጠዋል። ከወር በኋላ ስፖኩ ሲላላና የፍሬን ሽቦው ሲረዝም በነፃ እንደሚያስተካክል ቃል ቢገባ ደግሞ ደንበኛው ተመልሶ ይመጣል፤ ተመልሶ የመጣ ደንበኛ የውስጥ ጎማ፣ የፍሬን ላስቲክና ደወል ሳይገዛ አይሄድም።

ገበያው ወደፊት የሚሰፋ እንጂ የሚጠብ አይመስልም። በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው «መንገድ ለሰው» ቀን ልጆች አስፋልት ላይ ብስክሌት ሲነዱ ታይተዋል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የብስክሌት መስመር በየዋና መንገዱ ዳር ተሠርቷል። መንገዱ ሲመቸው ልጁ ከግቢ ይወጣል፣ ይፈጥናል፣ ከመኪናም ጋር ይገናኛል። በግቢ ውስጥ ቀልድ የነበረው ፍሬን እዚያ ቀልድ አይሆንም።

ዕቃው ተመርቶ፣ በባሕር ተጓጉዞ፣ በጂቡቲ በኩል አልፎ መርካቶ ለመግባት ወራት ይፈጅበታል። ለሰኔ የሚደርሰውን ብስክሌት የሚያዝ አስመጪ ከጥር አያልፍም። ካርድ ከተሰጠ በኋላ ቸርኬውን ወደ አሉሚኒየም መለወጥ አይቻልም፤ በጥር ግን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚባለው ለዚህ ነው።